ምሬቱ ከቅጠሉ ነው ወይስ ከውሃው?

አረንጓዴ ሻይ ወደ ብዙዎቻችን ቤት የገባው በመድኃኒት ስም ነው። ቦርጭ ያጠፋል፣ ስብ ያቀልጣል፣ ስኳር ያስተካክላል ተብሎ ተገዛ። በመድኃኒት ስም የመጣ ነገር ደግሞ ጣዕሙ አይጠየቅም፤ ኮሶን ጣፍጦት የጠጣው የለም። ስለዚህ ከረጢቱ የተንተከተከ ውሃ ውስጥ ይጣላል፣ እዚያው ይረሳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲታወስ ውሃው ጠይሟል፣ ምላስ ያደርቃል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ጠጪውም ግንባሩን ቋጥሮ ይጨልጠዋል። እንዲያውም ምሬቱን የፈዋሽነቱ ማረጋገጫ አድርጎ የሚቆጥረው ሰው ቀላል አይደለም።

ያን ምሬት በአብዛኛው የሚያመጣው ያለቦታው የገባ ሙቀት ነው። አረንጓዴ ሻይ ከማሳው እስከ ስኒው ድረስ የሙቀት ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያ የፀሐይ፣ ቀጥሎ የምጣድ፣ በመጨረሻ የውሃ። ሦስቱ በቅጠሉ ላይ ምን እንደሚያደርጉ የገባው ሰው ተራ ከሚባል ሻይ እንኳ ለስላሳ ስኒ ያወጣል። ያልገባው ሰው ግን ከቻይናዋ ሃንግዡ በውድ ዋጋ የመጣውንም ያበላሸዋል።

ከተክሉ እንጀምር። አረንጓዴ ሻይና ጥቁር ሻይ ሁለት ተክል አይደሉም። በካፋ ዞን በውሽውሽ ተለቅሞ፣ በቀረፋና በቅርንፉድ ፈልቶ ጠዋት ጠዋት የምንጠጣው ጥቁር ሻይም፣ በቻይና የዠጂያንግ ክፍለ ሀገር አረንጓዴ ሻይም የሚገኙት ካሜሊያ ሲነንሲስ ከሚባለው ከአንድ ተክል ነው። አውሮፓውያን ይህን ቶሎ አልተረዱትም። ታላቁ የእጽዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1762 ለጥቁሩም ለአረንጓዴውም የየራሱን ስም ሰጥቶ ሁለት ዝርያ አድርጎ መዝግቧቸው ነበር። ነገሩን ያጠራው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ፣ ለባዕድ ዝግ ወደነበሩት የቻይና የሻይ አገሮች የቻይና ልብስ ለብሶ የዘለቀው ስኮትላንዳዊ የአትክልት ባለሙያ ሮበርት ፎርቹን ነው። ከአንዱ ተክል ሁለቱም ሻይ እንደሚሠራ በዓይኑ አየ። ሌላም ያየው ነገር አለ፦ ወደ ውጭ የሚላከውን አረንጓዴ ሻይ ሠራተኞች ፕሩሺያን ሰማያዊ በሚባል ቀለምና በጄሶ ዱቄት ሲያቀልሙት ነበር። ባዕዱ ገዢ አረንጓዴነቱ የደመቀ ሻይ ስለሚወድ ነው። ቻይናውያኑ ራሳቸው ያንን አይጠጡትም ነበር።

ልዩነቱ የሚፈጠረው ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ ምላስ የሚያደርቀውና የሚመረው በአብዛኛው የእነሱ ሥራ ነው። ከእነሱ ተለይቶ ደግሞ ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም በሕዋሱ ሌላ ክፍል ተቀምጧል። ቅጠሉ ሲታሽና ሲሰበር ሁለቱ ይገናኛሉ፣ አየር ይገባቸዋል፣ ቅጠሉም ይጠይማል። ተልጦ ሳህን ላይ የቆየ ድንች የሚጠቁረውም በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ጥቁር ሻይ የሚሠራ ሰው ይህ ነገር እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ካቴኪኑ ወደ ቀይና ቡናማ ውህዶች ተለውጦ ሻዩ ያን የምናውቀውን መልክና ጉልበት ያገኛል። የአረንጓዴ ሻይ ባለሙያ ግን ይሽቀዳደማል። ቅጠሉ ሳይጠይም ኢንዛይሙን በሙቀት ይገድለዋል። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቻይናውያን ይህን በምጣድ ነው የሚሠሩት። በሃንግዡ ከተማ የምዕራብ ሐይቅን በከበቡት ኮረብታዎች የሚመረተው ሎንግጂንግ በዓለም ላይ ስሙ ከገነነ አረንጓዴ ሻይ አንዱ ነው። ባለሙያው በጋለ የብረት ምጣድ ፊት ተቀምጦ ቅጠሉን በባዶ እጁ ይጫናል፣ ያንሸራትታል፣ ይገለብጣል፤ እጁ የሙቀቱን ልክ ያውቀዋል። ቅጠሉ ጠፍጣፋና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ገብቶ የሚወጣው ደረቅ ሻይ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። የምጣድ ሻይ ጥሩ ሲሆን የተቆላ ሽምብራ የሚያስታውስ ሽታ አለው፤ ለእኛ አፍንጫ ቅርብ ነው፣ ለጀማሪም የምመርጠው እሱን ነው።

ጃፓኖች በእንፋሎት ይመቱታል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነገሩ ያልቃል። በእንፋሎት የተመታ ቅጠል አረንጓዴነቱ ይደምቃል፣ ሽታው ወደ ትኩስ ሣርና ወደ ባሕር ያደላል። መጀመሪያ የቀመሰው ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ግር ይለዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ስኒ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል።

እነዚህ ሁለት መንገዶች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በቻይና የተከበረ ሻይ ለብዙ ዘመን ተወቅጦና ተጠፍጥፎ ነበር የሚቀርበው። እ.ኤ.አ. በ1391 የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች፣ ከድሃ ገበሬ ቤት የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ፣ ያን ብዙ ጉልበት የሚፈጅ ጥፍጥፍ ሻይ ለቤተ መንግሥት መገበር ይቅር፣ በምትኩ ልቅ ቅጠል ይምጣ ብሎ አዘዘ። ዛሬ ቅጠሉን ውሃ ላይ በትነን የምንጠጣበት ልማድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

በጃፓን ደግሞ መነኩሴው ኤይሳይ እ.ኤ.አ. በ1191 ከቻይና የሻይ ዘር ይዞ ተመለሰ ይባላል፤ የዱቄት ሻይም በገዳማትና በጦር መኳንንት ዘንድ ተስፋፋ። ተራው ሰው የሚጠጣው ግን መልኩ የጠየመ፣ ጣዕሙ የከበደ ቅጠል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1738 በኪዮቶ አቅራቢያ በኡጂታዋራ መንደር የሚኖር ናጋታኒ ሶኤን የተባለ ገበሬ ለጋውን ቅጠል ብቻ መርጦ፣ በእንፋሎት መትቶ፣ ከሥሩ በከሰል በሚሞቅ ጠረጴዛ ላይ በእጁ እያሸ ማድረቅን አሳየ። ሻዩን ይዞ እስከ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሄደና ያማሞቶ ካሄይ ለተባለ ነጋዴ ሸጠለት። ዛሬ ሴንቻ የሚባለውና ጃፓኖች በየዕለቱ የሚጠጡት ሻይ ከዚያ የወረደ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ይልቅ የሶኤን ሥራ ያስደንቀኛል። ንጉሥ ያዘዘው ይፈጸማል፤ አንድ ገበሬ ግን ከእጁ ሌላ የሚያሳምንበት ነገር አልነበረውም።

ወደ ፀሐይ እንምጣ፤ በጣም የምወደው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። የሻይ ተክል በሥሩ ቲያኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራል። ቲያኒን በግንዱ በኩል ወደ ለጋው ቅጠል ይወጣል። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ በአጥንት መረቅና በእንጉዳይ ላይ የምናውቀው ዓይነት ሙላት አለው። ይህን የጣዕም ዓይነት ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ኡማሚ ብሎ ሰይሞታል። ቅጠሉ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ግን ቲያኒኑ ይፈርስና ካቴኪን ለመሥራት ይውላል። ጣፋጩ ወደ መራራው ይለወጣል ማለት ነው።

ይህን ያወቀ ሰው የሻይ ዋጋ ለምን እንዲያ እንደሚራራቅ ይገባዋል። ተክሉ ክረምቱን ሙሉ አርፎ በጸደይ መጀመሪያ የሚያወጣው እንቡጥ ቲያኒን የሞላበት ነው፤ ፀሐዩም ገና አልበረታም። ቻይናውያን ቺንግሚንግ ከሚባለው በዓል (በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 4 ወይም 5 አካባቢ) በፊት የተለቀመውን ለይተው በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣሉ። ጃፓኖች ጸደይ ገባ ከሚሉበት ቀን ጀምረው 88ኛውን ሌሊት ይቆጥራሉ፤ በአውሮፓውያኑ ሜይ መጀመሪያ ላይ ይውላል፣ የአዲሱ ሻይ ለቀማ ምልክት ነው። የበጋው ለቀማ ብዙ ነው፣ ርካሽ ነው፣ መራራም ነው። ርካሽ ከረጢት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው እንዲህ ያለውን ቅጠል ነው።

ጃፓኖች በዚህም አልበቃቸውም፤ ፀሐዩን ራሱን ከለከሉት። ጊዮኩሮ የሚባለውን ውድ ሻይና ማቻ ለሚባለው የዱቄት ሻይ የሚሆነውን ቅጠል ከመልቀማቸው በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ማሳውን በገለባ ምንጣፍ ወይም በጥቁር መረብ ይሸፍኑታል። ጥላ ውስጥ የቀረው ቅጠል ቲያኒኑን እንደያዘ ይቆያል። ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለመያዝ ደግሞ ክሎሮፊሉን ያበዛል፤ ማቻ ያን የሚደንቅ አረንጓዴ ቀለም የሚያገኘው ከዚህ ነው። ቅጠሉ ደርቆ፣ ጅማቱ ወጥቶ፣ በድንጋይ ወፍጮ ቀስ ተብሎ ይፈጫል፤ አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በርካሽ የሚሸጥ አረንጓዴ ዱቄት ሁሉ ማቻ ነው ብሎ ማመን አይገባም። ቢጫ ወይም ቡናማ የሚመታው ዱቄት በጥላ ያላደገ ወይም ያረጀ ሻይ ሊሆን ይችላል፤ ኬክ ውስጥ ይግባ እንጂ በውሃ ተመትቶ አይጠጣም።

የፈዋሽነቱንም ነገር ሳልነካው አላልፍም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነውና። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በኦሳኪ አካባቢ 40,530 ጎልማሶችን ለ11 ዓመታት ያህል የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አለ። በቀን አምስት ስኒና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች፣ አንድ ስኒ እንኳ ከማይሞሉት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ በተለይ በሴቶቹ። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ክትትል ሻዩ ብቻውን ያመጣው ነው ብሎ ሊያረጋግጥ አይችልም። ክብደትን በተመለከተ ደግሞ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ግምገማ ያሉትን ሙከራዎች መዝኖ፣ በአረንጓዴ ሻይ ዝግጅቶች የሚገኘው የክብደት መቀነስ ትንሽና ከቁም ነገር የማይቆጠር መሆኑን ጽፏል። ቦርጭ ለማጥፋት ብሎ መራራ ውሃ የሚጠጣ ሰው በከንቱ እየተቀጣ ነው።

ጉዳት የሚያመጣበትም መንገድ አለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ኢጂሲጂ የተባለውን ዋናውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መልክ መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በስኒ የሚጠጣው ሻይ በአብዛኛው ከዚህ ስጋት ውጭ ነው፤ ለማቅጠኛ እየተባለ የሚሸጠው የተጨመቀ እንክብል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ ባይነኩት እመክራለሁ። ሁለተኛው ጉዳይ ማዕዳችንን ይነካል። ካቴኪን ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት አንጀታችን እንዳይመጥጠው ያግደዋል። የጤፍ እንጀራና የምስር ወጥ የሚሰጡን ብረት የዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴትና ደም ማነስ ያለበት ሰው ሻዩን ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ከተበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ።

አሁን ማንቆርቆሪያውን እንጣድ። ካቴኪንና ካፌይን በሙቅ ውሃ ፈጥነው ይሟሟሉ፤ ውሃው በጋለ ቁጥር ይበዛሉ። ቲያኒን ግን ለብ ባለ ውሃም በደንብ ይወጣል። የአፈላሉ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃውን ስናቀዘቅዝ ጣፋጩ ይቀድማል፣ መራራው ይዘገያል። ለሎንግጂንግና ለመሰሎቹ 80 ዲግሪ አካባቢ፣ ለሴንቻ ከ70 እስከ 80፣ ለጊዮኩሮ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይበቃል።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ዕድለኛ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለ አንባቢ ግን የሚያፈላው ውሃ 100 ዲግሪ ነው፤ የበለጠ ማቀዝቀዝ አለበት። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ወደ ቀዝቃዛ ባዶ ብርጭቆ ሲገለበጥ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ እንደገና ወደ ሌላ ሲገለበጥ ጥቂት ተጨማሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ መገልበጥ ለሎንግጂንግ፣ ሁለት ጊዜ መገልበጥ ለሴንቻ ይሆናል።

ለሎንግጂንግ ብርጭቆ ብቻ ይበቃል፤ በዠጂያንግ ያሉ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። 3 ግራም ገደማ ቅጠል ግርጌው ላይ ይደረጋል፤ ቅጠሉን የሚያረጥብ ጥቂት ውሃ ፈሰስ ተደርጎ ይወዛወዛል፣ ይሸተታል። ይህችን ማሽተት አትዝለሏት፤ የሻዩ ግማሽ ደስታ እሷ ላይ ነው። ከዚያ ብርጭቆው ይሞላል። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቅጠሉ እየሰመጠ ሲሄድ መጠጣት ይጀመራል፤ ሲሦው ሲቀር ውሃ ይጨመርበታል።

ሴንቻ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሁለት ትናንሽ ስኒ 5 ግራም ቅጠል፣ 200 ሚሊሊትር ያህል ውሃ፣ አንድ ደቂቃ። ማጥለያ ባለው በራድ ቢሠራ ይመረጣል። ሲቀዳ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይንጠፍጠፍ፤ ጣዕሙ የሚበረታው መጨረሻ ላይ ነው፣ በራዱ ውስጥ የሚቀር ውሃም ቀጣዩን ስኒ ያመርረዋል። ሁለት ሰው ካለ ለአንዱ ሞልቶ ለሌላው መቀጠል አይሆንም፤ ጥቂት ጥቂት እያሉ በየተራ ነው የሚቀዳው፣ አለዚያ የመጀመሪያው ቀጭን፣ የሁለተኛው ወፍራም ይደርሰዋል።

ያለው የሱፐርማርኬት ከረጢት ብቻ ከሆነስ? ከረጢት ውስጥ ያለው ብናኝ ስለሆነ ፈጥኖ ያወጣል። ውሃው አንድ ጊዜ ተገልብጦ ይብረድ፣ ከረጢቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ፣ ሲወጣም አይጨመቅ። ያን ጊዜ ቀለሙ ቀላ ያለ ሳይሆን ቢጫማ ይሆናል። ስኳር የሚያስፈልገው ለምሬቱ ከሆነ ከእንግዲህ ላያስፈልግ ይችላል።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ታላቅ ባህል ተቃራኒውን እንደሚያደርግ አልረሳሁም። ሞሮኮዎች ባሩድ የሚባለውን፣ እንደ ጥይት ተጠቅልሎ የደረቀውን የቻይና አረንጓዴ ሻይ በፈላ ውሃ ያጥቡታል፣ እሳት ላይ ያንተከትኩታል፣ ናናና ብዙ ስኳር ይጨምሩበታል። ይህ ሻይ በሞሮኮ በሰፊው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በክራይሚያ ጦርነት ምክንያት ገበያ የጠበበባቸው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ወደ ታንጀርና ወደ ሞጋዶር ወደቦች ባወረዱት ጊዜ ነው ይባላል። እዚያ ምሬቱ ይፈለጋል፤ ስኳሩንና ናናውን የሚሸከመው እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ሻይ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ውድ ሎንግጂንግ አይግዛ፤ ጠንካራውና ርካሹ ባሩድ ይሻለዋል።

ሲገዛ የምርት ዓመቱ ይታይ። አረንጓዴ ሻይ እንደ ወይን ጠጅ በዕድሜ አይከብርም፤ ዓመት ካለፈው ሽታው ይሞታል፣ ቀለሙ ወደ ወይራማ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጠላቶቹ ብርሃን፣ አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ሽታ ናቸው። የመጨረሻው በእኛ ማዕድ ቤት ትልቁ ነው። በርበሬ፣ ኮረሪማና የተቆላ ቡና ባሉበት መደርደሪያ ላይ ክፍት የተቀመጠ ሻይ በጥቂት ቀን የእነሱን ሽታ ይጠጣል። አየር የማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽም ይገዛ።

ጥሩ ቅጠል አንዴ ተጠጥቶ አይጣልም። የሴንቻ ሁለተኛ ውሃ ከመጀመሪያው ትንሽ ሞቅ ይበል፣ ቅጠሉ ስለተከፈተ ግን ከአሥር እስከ ሃያ ሰከንድ ይበቃዋል። ሦስተኛው የፈላ ውሃ ቢሆንም አይከፋም፤ አሁን የቀረው ምሬት ልክ ያለው ነው፣ ከጣፋጭ ነገር ጋር ይሄዳል። ጃፓኖች ከጊዮኩሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠጡ በኋላ ለስልሶ የቀረውን ቅጠል ጥቂት አኩሪ አተር ሶስ ጠብ አድርገውበት ይበሉታል። አኩሪ አተር ሶስ ከሌለ ሎሚና ጨው ይሠራል፤ ለጋ የበሰለ ጎመን የሚወድ ሰው ይህንንም ይወደዋል።